ቀላድ ጣይ ተብዬ ጮቄን የወጣሁበት ሳምንት

ይህ ጉዞ የቀኝ እግሬን የአውራ ጣት ጥፍር፣ አንድ ደህና ጥቁር ካባ፣ አንድ የቅዳሜ ገበያ፣ ደግሞም «ሰውን በዓይኔ ብቻ መዝኜ አውቃለሁ» የምለውን የቆየ ኩራቴን አስወጥቶኛል። ሌላም ወጪ አለ። እሱ ዘግይቶ የመጣ ስለሆነ ከመጨረሻው ላይ አስገባዋለሁ።

ቢቸና ላይ ሆኖ ጮቄን ማየት ቀላል ነው። ጠዋት የሱቄን ሳንቃ ሳነሳ በምዕራብ በኩል ደመና ተከናንቦ ይታየኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ አየዋለሁ፤ ልውጣው ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ተራራ በርበሬ አይገዛም።

ነገሩ የመጣው በልጄ በስንዱ ነው። መስቀል እንዳለፈ ሽማግሌዎች ከሞጣ በላይ፣ ከጮቄ ትከሻ ላይ፣ ጥድ አምባ ከምትባል መንደር መጥተው ከደጄ ቆሙ። አያ ልየው የሚባል ባላገር ለልጁ ለሙላት ስንዱን ይጠይቃል። ወጣቱ ሞጣ አክስቷ ዘንድ ለንግሥ በሄደች ጊዜ አይቷት ኖሯል። ሽማግሌዎቹ በሬውን ቆጠሩ፣ ላሙን ቆጠሩ፣ በጉን መቁጠር አቃተን አሉ፣ ማሩ ከጋን ይፈሳል አሉ። ደላላ አብዝቶ ያመሰገነው በቅሎ አንድ እግሩን ያነክሳል። «እስከ ኅዳር ሚካኤል ቃሌን እሰጣለሁ» ብዬ ሸኘኋቸው።

በአገራችን የልጅቷ አባት የወንዱን ቤት ራሱ ሄዶ አይመረምርም። ዘር የሚቆጥር፣ ጎታና ጋጥ አይቶ የሚመለስ ሰው ይልካል። ራሱ የሄደ እንደሆነ «ልጁን ይዞ ደጅ ለደጅ ዞረ» ይባላል፤ የወንዱም ወገን እንደ ስድብ ይቆጥረዋል። ግን ማንን ልላክ? የማምነው ሰው አንድ ብርሌ ጠጅ ሲጠጣ አንዱን በሬ ሁለት አድርጎ የሚያይ ነው። እንዲያ የማያየውን ደግሞ አላምነውም። ስለዚህ ባና የሚገዛ ነጋዴ መስዬ ራሴ ልሄድ ቆረጥሁ። የደጋ ሰው ከበግ ጠጉር የሚሠራት ያቺ ወፍራም ብርድ ልብስ ከእኛ ዘንድ ጥሩ ትሸጣለች፤ ማንም አይጠረጥረኝም አልሁ።

ስንዱ ጥጥ ትፈትል ነበር። እንዝርቷን ሳታቆም፣
«አባባ» አለችኝ፣ «ያ አገር ብርድ ነው ይላሉ። ብርዱ ከአየሩ ላይ ነው ከሰዎቹ ላይ? እሱን አይተህልኝ ና።»
«በሬዎቹንስ?»
«በሬዎቹን ሳልነግርህም ታያቸዋለህ።»

*ሰኞ።* ሞጣ በሚወጣ የጭነት መኪና ላይ፣ ከጆንያ በላይ ተቀመጥሁ። ለባናው መለወጫ ጨውና በርበሬ በስልቻ ይዣለሁ። ከጎኔ አንድ ወጣት ነበር። ሱሪው ከካልሲው ውስጥ የገባ፣ በትከሻው ላይ አዲስ ገመድ የጠመጠመ። ጀማል ይባላል፤ የጅማ ሰው ነው፤ ሞጣ ትምህርት ቤት ያስተምራል።

«ወዴት ነው?» አልሁት።
«ጮቄ ልወጣ ነው ጋሼ፤ ክረምቱ አልፎ ውርጩ ሳይጠነክር።»
«ምን ልትገዛ?»
«ምንም። ልወጣው ብቻ።»
«ከወጣህ በኋላስ?»
«እወርዳለሁ።»

እንዲህ ያለ መልስ የሚሰጥ ሰው ወይ ሞኝ ነው ወይ መንግሥት የላከው ነው። ገመዱን ስጠይቀው ተራራ የሚወጣ ሰው ገመድ እንደሚይዝ ከመጽሐፍ ማንበቡን ነገረኝ። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ገመድ ሳይ ጭነት ነው የሚታየኝ። እዚያ ላይ ነው የተሳሳትሁት።

መኪናው ጉንደ ወይን መግቢያ ላይ ተሰበረ። ረዳቱ ከሥሩ ገብቶ ወጣና «ነገ» አለ። አንዲት ጠላ ሻጭ መበለት አስገባችን። ሽሮ ከጤፍ እንጀራ ጋር አቀረበች፤ እንጀራው ከቢቸናው ጠቆር ይላል፣ ወጡ ግን የተሻለ ነው። መደቧን ለእኛ ለቃ እሷ ከጓዳ ተኛች። ሒሳብ ስጠይቃት «የእግዜር እንግዳ አይከፍልም» አለችኝ። ቢቸና ውስጥ ዋጋ የማይጠራ ሰው ዋጋውን ለነገ ያሳደረ ነው። ስልቻዬን ተንተርሼ አደርሁ። ጠዋት ሜዳ ወጥቼ ስመለስ ስልቻው ከታች ተቀዶ የነበረው በእጇ ተሰፍቶ ጠበቀኝ። ጨዉ አልጎደለም። ይህም ቢሆን ልቤን አላሳረፈውም፤ ስልቻ የሰፋ ሰው በውስጡ ያለውን አይቷል ማለት ነው።

*ማክሰኞ።* ሞጣ ገባን። እህቴ እዚያ ናት፤ ግን እሷ ቤት ባድር ወሬዬ ከእኔ ቀድሞ ተራራውን ይወጣ ነበርና በካባዬ ተሸፋፍኜ በደጇ አለፍሁ። በቅሎ ለመከራየት ዞርሁ። አንድ ባለ በቅሎ ከላይ እስከ ታች አየኝ፤ ከዚያ መምህሩን፣ ከዚያ ገመዱን አየ።
«በቅሎዬ ውርጭ አይስማማትም» አለ።
«ትናንት ከጮቄ ባና ጭና ነው የመጣች አሉኝ እኮ።»
«ለዚያ ነው ያልተስማማት።»
ሌላውም፣ ሌላውም እንዲሁ አሉኝ። የሞጣ ባለ በቅሎዎች ዋጋ ለማስወደድ ተማምለዋል ብዬ ደመደምሁ። በእግር ለመሄድ ቆረጥሁ።

*ረቡዕ።* ጎሕ ሲቀድ ወጣን። መጀመሪያ መንገዱ እንደ ሰው መንገድ ነበር። በሁለት ወገኑ የስንዴና የባቄላ ማሳ፤ አደይ አበባ ጠውልጎ ቀርቷል። ከዚያ መንገዱ ቀና አለ። ቢቸና ዳገት የምንለው እዚህ ሜዳ ይባላል። ድንጋዩ በክረምት ጎርፍ ታጥቦ እንደ ጥርስ ቆሟል። እግሬ አንዱን ረግጦ ሌላውን መታ፤ የአውራ ጣቴ ጥፍር ከሥሩ ተነሳ። ቁጭ ብዬ ተራራውንም፣ ሽማግሌዎቹንም፣ ሞጣ ያነገሠውንም ንግሥ ረገምሁ።

መምህሩ ሻሹን ቀዶ አሰረልኝ። ስልቻዬንም ልሸከምልህ አለ። አልሰጠሁትም። ጥቂት እንደሄድን ሰጠሁት፤ ግን ከፊቴ ይሄድ ዘንድ አደረግሁ።

ከፍ ባልን ቁጥር አገሩ ይለወጣል። ጤፍ ቀረ፣ ስንዴ ቀረ፤ ገብስ ብቻ ሆነ። መምህሩ በየእርፍቱ ከኪሱ ክብ ነገር እያወጣ መርፌዋ ስትዞር ያያል፤ ኮምፓስ ናት፣ ሰሜኑን ትነግራለች ይለኛል። ሰሜን የት እንዳለ ለማን ጠፋው! ገብስ የሚያጭድ አንድ ገበሬ ይህን ቆሞ አየ። «እንደምን ዋላችሁ» አልነው። አልመለሰም። ማጭዱን ጥሎ ከገደሉ አፋፍ ወጣና እጁን ባፉ ላይ አድርጎ ወደ ላይ ተጣራ። ነፋሱ ቃሉን ወሰደው፤ ግን ከበላይ ሌላ ድምፅ ተቀበለው፣ ከዚያም ሌላ።
«እንኳን ደህና መጣችሁ ማለታቸው ነው?» አለ መምህሩ ደስ ብሎት።
«እንዲህ ርቆ የሚሰማ እንኳን ደህና መጣችሁ አላውቅም» አልሁት።

ጥድ አምባ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። የአያ ልየውን ቤት ጠይቄ አገኘሁ። ሰውየው ረጅም፣ ጢሙ የሸበተ፣ ትከሻው የሰፋ ነው። ገመዱን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ እንዳረጀ ሰው ጎበጠ። ሲጎብጥ በዓይኔ አየሁት።

«ግቡ ጌቶቼ» አለ። «ድሃ ቤት ነው።»

ባለቤቱ ወይዘሮ አትጠገብ ውሃ አሙቃ መጣች። እግሬን በገበቴ አድርጋ አጠበች፤ የተነሳውን ጥፍር ስታይ ከንፈሯን መጠጠች፤ ቅጠል አሽታ፣ ተልባ ቀብታ፣ በጨርቅ ጠቀለለች። እጇ እንደ እናት እጅ ነው፤ ፊቷ ግን እንደ ቀዘቀዘ ምጣድ። ጠባይዋ ለሁለት የተከፈለ ሰው አያስተማምንም። ከዚያ የገብስ ቂጣና ቆሎ ቀረበ። ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው፤ ስለ ቅቤው ምንም አልፈረድሁም።

«በሬዎች አሏችሁ?» አልሁ፣ እንዲያው ለጨዋታ።
«የለም ጌታዬ። አንዱን ጅብ በላው።»
«ሌላውንስ?»
«እሱንም።»
«ጠንካራ ጅብ ነው። ላምስ?»
አያ ልየው እሳቱን ቆሰቆሰ። «አንቱ ባና ነው የምትገዙ አላላችሁኝም?»
«አዎን፣ ባና ነው።»
«ባና የሚገዛ ሰው ስለ ላም ምን አስጨነቀው?»

ቂጣዬን ቆረስሁ። መምህሩ ሊያድነኝ ብሎ ይመስለኛል፣ «መንደሩ ስፋቱ ምን ያህል ይሆናል አባባ?» ብሎ ጠየቀ። ወይዘሮ አትጠገብ ኩራዙን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች፤ እኛም በጨለማ ተኛን።

*ሐሙስ።* ሌሊቱን ብርዱ በአጥንቴ ውስጥ ሲመላለስ አደረ። ጠዋት ደጁ ነጭ ሆኖ ጠበቀኝ፤ ሣሩ ሁሉ ውርጭ ለብሷል፤ ስረግጠው እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል። ለቁርስ ያው ቂጣ ቀረበ። ሐሙስ ነው፣ ጾም የለም፤ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም። ልቤ «ሽማግሌዎቹ ዋሹህ» አለኝ።

ግን ወደ ጋጡ ስዞር ሌላ ነገር አየሁ። እበቱ እርጥብ ነው። የከብት ማሰሪያው ካስማ በተርታ ቆሞ አናቱ በገመድ ተልጧል። የላም ሽታ ገና አልወጣም። ከብት የለውም የሚል ሰው ይህን ሁሉ እበት ከየት አመጣው? ሁለት ነገር ብቻ ታየኝ። ወይ ከብቱ ለሽማግሌዎቹ ማሳያ የተለመነ ነበር፣ አሁን ለባለቤቶቹ ተመልሷል። ወይ ደግሞ የሰረቁት ነው፤ ሌሊት ይገባል፣ ቀን ይደበቃል። ስንዱን ለለማኝ ልድር ወይስ ለሌባ? ከመረጥሁ ለማኙን እመርጥ ነበር።

የከብቱ ዱካ ከጋጡ ወጥቶ ወደ ተራራው ራስ ይሄዳል። መምህሩ ገመዱን ታጥቆ «ጋሼ፣ እኔ ወደ ላይ ልወጣ ነው» ሲል፣ «እኔም ተራራ እወዳለሁ» አልሁት። ተገርሞ አየኝ።

ያን ዳገት መግለጽ አልችልም። የአስታው ዛፍ አጠረ፣ ከዚያ ጠፋ፤ ጓሳ ሣርና ጅብራ ብቻ ቀረ። ጅብራ ከሩቅ የቆመ ሰው ይመስላል፤ ስንቱን ጅብራ ሌባ ነው ብዬ እንደሸሸሁ መድኃኔ ዓለም ይቁጠረው። ትንፋሼ አጠረ። በአራት እግሬ የሄድሁበት ቦታ አለ፤ መምህሩ ያን ገመዱን ከድንጋይ አስሮ ጎተተኝ። ገመዱ ጥቅም ሲሰጥ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ከአንድ ዐለት ጀርባ ስንዞር ከብቱ ሁሉ እዚያ ነበር። በሬዎች፣ ላሞች፣ በጎች፤ ሽማግሌዎቹ እንዲያውም አሳንሰው ቆጥረዋል። ከመካከል አንድ ወጣት በእጀ ጠባብ ብቻ ተቀምጧል። ከንፈሩ ጠቁሯል፤ ጋቢውን ሌሊቱን በተወለደች ጥጃ ላይ ጠቅልሎ እሷን በእቅፉ ያሻሻታል። ገመዱን ሲያይ ዱላውን ይዞ ተነሳ።

«ቁሙ!» አለ። «ከብቱ የማንም አይደለም። የሰረቅሁት እኔ ነኝ።»
«ከማን ሰረቅኸው?» አልሁት።
«ከ... ከብዙ ሰው።»
«አባትህ ያውቃል?»
«አባቴ ምንም የሌለው ድሃ ነው። ወንጀሉ የእኔ ነው። እሰሩኝ፣ ገመዱ እንደሆን በእጃችሁ ነው። ግብሩን ግን በእሱ ላይ እንዳትጽፉ። መሬታችንንም ብትለኩት ድንጋይ ነው፣ ቀላድ የሚጣልበት አይደለም።»

ቀላድ! ያን ጊዜ ነው ሁሉ የተገለጠልኝ። ያኔ በጎጃም ቀላድ ሲጣል፣ ማለት ርስት በገመድ ሲለካ፣ ከኋላው ግብር እንደሚከተል የማያውቅ ሕፃን የለም። እኔም ገመድ በትከሻው፣ መርፌ በእጁ የያዘ ባለ ሱሪ አስከትዬ፣ ስለ በሬና ስለ ላም እየጠየቅሁ አገር ለአገር ወጥቻለሁ። ባለ በቅሎዎቹ፣ አጫጁ፣ የጎበጠው ሽማግሌ፣ ጅቡ፤ ሁሉም ከዚያች ገመድ የመጣ ነው። ይህ ልጅም በእኔ ምክንያት ሌሊቱን ውርጭ ላይ አድሯል።

«ስምህ ማነው?»
«ሙላት ልየው።»
ሌባ ስሙን ከነአባቱ አይናገርም። ለሌብነት እንኳ የማይሆን ልጅ ነው አልሁ በልቤ።

ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ ቃሉ አልሰማ አለኝና ካባዬን አውልቄ በትከሻው ላይ ጣልሁ። አመሰገነኝ፤ አውልቆም የወለደችው ላም ጀርባ ላይ ዘረጋው። «እሷ ናት የደማችው» አለ። ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት ካባ ነው። መምህሩ ፊቱን አዞረ፤ ስቆ እንደሆነ እስካሁን እጠረጥራለሁ።

እንግዲህ መንገዱ ሁለት ነበር። ዝም ብዬ ወርጄ ቢቸና ገብቼ «እሺ» ማለት እችላለሁ፤ ግን እነዚህ ሰዎች ቀላድ ጣዩ እስኪርቅ ከብቱን ከውርጭ አያወርዱም፤ ጥጃዋም ሌላ ሌሊት አታድርም። ማንነቴን ብናገር ደግሞ ውርደቱ የእኔ፣ የሚበላሸው የልጄ ነገር ነው። ጥጃዋን አየኋት። ከዚያ ልጁን «ከብትህን ንዳ፣ ወደ አባትህ እንሂድ» አልሁት።

አያ ልየው ከብቱን ከፊት እኛን ከኋላ አይቶ ከደጁ ቆመ። ወገቡ ተቃንቷል።
«የቢቸናው በርበሬ ነጋዴ ነኝ» አልሁት። «የስንዱ አባት።»

ከብቱን በዓይኑ ቆጥሮ ጨረሰ።
«እኔ ድሃ ነኝ ብዬ ዋሸሁህ» አለኝ፤ አንቱታው ቀርቷል። «አንተ ደግሞ ነጋዴ ነኝ ብለህ ዋሸኸኝ።»
«ነጋዴስ ነኝ።»
«እሱ ነው የባሰው። ልጅህን ልትሰጠኝ መስሎኝ ሽማግሌ ብልክ፣ አንተ ልትሰልለኝ መጣህ።»
«አይ ሰውዬ!» አለች ወይዘሮ አትጠገብ ከበሩ፤ ትስቅ እንደሆነ ታለቅስ እንደሆነ አልለየሁም። «ልጄ በብርድ ደርቆ እያየህ ክርክር ትይዛለህ?»

የዚያን ምሽት ምግብ ከመሬት ውስጥ ወጣ። ከአመድ ሥር የቅቤ ቅል፣ ከጭድ መካከል የማር እንስራ፣ ከጉድጓድ ጠላ። በግ ታረደ። ወይዘሮ አትጠገብ መምህሩን ሃይማኖቱን ጠይቃ ሥጋውን ከፊቱ አነሳችለት፤ ወተትና ማር ከትኩስ ድንች ጋር በፊቱ ከመረችለት። እኔም፣ «ቀላድ ጣይ መሆኔን እያሰብሽ እግሬን ለምን አጠብሽ?» አልኋት።
«ቀላድ ጣይስ እግር የለው?» አለችኝ።

ሙላት ከእሳቱ ዳር ተቀምጦ ሳይበላ እንቅልፍ ጣለው። አያ ልየው የመምህሩን ገመድ ጠይቆ ተቀበለና በካራው እየቆራረጠ የጥጃ ማሰሪያ አደረገው። በዚያ ማታ ደስ ብሎት ያየሁት ያን ሲቆርጥ ብቻ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።
«አንተ የእኔን ጋጥ አይተሃል። በሚመጣው ቅዳሜ ሳምንት እኔ ቢቸና እወርዳለሁ። ካላማርኸኝ ሽማግሌዎቼን እመልሳለሁ።»
ምን እላለሁ? ትክክል ነው።

*ዓርብና ቅዳሜ።* ዓርብ በበቅሏቸው እስከ ሞጣ አወረዱኝ። ከእህቴ ቤት አደርሁ፤ ሁሉን ቀድማ ሰምታለች። መምህሩ ሲሰናበተኝ «ተራራው እንዴት ነበር ጋሼ?» አለ። «ውድ ነው» አልሁት። ሰው ለምን ተራራ እንደሚወጣ ዛሬም አልገባኝም። ቅዳሜ ቢቸና ስደርስ ገበያው ተበትኗል። ስንዱ ከደጅ ቆማ ነበር።
«ብርዱስ?» አለች።
«ከአየሩ ላይ ነው» አልኋት።

አያ ልየው እንዳለው መጣ። በማለዳ ከሱቄ ገብቶ በጨው ጆንያ ላይ ተቀመጠ፤ ገበያው እስኪበተን አንድ ቃል አልተናገረም። ስመዝን ያያል፣ ስከራከር ያያል፣ አንዲት አሮጊት የጎደላትን ሳንቲም ስተውላት ያያል። የዚያን ቀን ሁሉን ሁለት ሁለት ጊዜ መዘንሁ። ማታ ተነስቶ በርኖሱን አራገፈ።
«ሚዛንህ ደህና ነው» አለ። «ምላስህ ግን ትረዝማለች። ሽማግሌዎቹ ለሚካኤል ይመጣሉ።»

ሠርጉ ለጥር ሆነ። ጥፍሬ በቅሏል። ካባው ጮቄ ቀርቷል። ስንዱም እዚያው ናት።